መጀመሪያ የዘማች ማሳ

ባለፈው ክረምት ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምትኖረውን የወንድሜን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ከሚኒባስ ስወርድ፣ የውኃ ቧንቧ ለመቅበር መንገዱን ቆፍረውት ጠበቀኝ። ከአስፋልቱ በታች ያለው አፈር ያው የጥንቱ ጥቁር መረሬ ነው። ዝናብ ጥሎበት ስለነበር ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ሰዉ ሁሉ ጫማዬን አቆሸሸው እያለ እየዘለለ ያልፋል፤ እኔ ግን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እርጥብ መረሬ ሲገለበጥ የሚሸተውን ሽታ ያረሰና ሲታረስ ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ግራ ቀኙን አየሁ። ሳሊተ ምሕረት በዚህ በኩል፣ ወንዙ በዚያ በኩል ከሆነ፣ የቆምኩት የጎረቤታችን፣ የዓለሚቱ አባት የጋሼ ቱፋ ማሳ ላይ ነው። የእኛ ማሳ ከሱ ዝቅ ብሎ፣ አሁን የመኪና እጥበት ካለበት ቦታ ላይ ነበር። ይህን ሳውቅ ናፍቆት ቢሰማኝ ደግ ነበር። የተሰማኝ ግን ቅናት ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ የገዛሁትን ሙዝ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ ዛሬም መጀመሪያ የተቆፈረው የእነ ዓለሚቱ ማሳ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ያ ሁሉ አገር እርሻ ነበር። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ እንጂ ፎቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከቦሌ የሚነሱት አውሮፕላኖች በላያችን ስለሚያልፉ ግን ራሳችንን እንደ ከተሜ እንቆጥር ነበር። ሾላ ገበያ ደርሰን የተመለስን ቀንማ ማን ይችለናል። እኔና ዓለሚቱ ሁለተኛ ክፍል ነን። ቤታችንን የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በመሐሉ እኛ የምንሾልክበት ቀዳዳ ነበረው።

አባቶቻችን መቀናጆ ነበሩ። እኛ አንድ በሬ አለን፣ ቡሬ የሚባል፤ እነሱም አንድ አላቸው፣ ወይኖ የሚባል። በአንድ በሬ አይታረስምና ቡሬና ወይኖ በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉ፤ አባዬና የዓለሚቱ አባት ጋሼ ቱፋ አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእነሱን ያርሳሉ። ቡሬ ሰነፍ ነው፣ ወይኖ ጎበዝ። ከዚያ ዓመት በፊት የምቀናው በዚህ ብቻ ነበር።

ሰሜን ጦርነት ነበር። መደበኛው ጦር ወደ ግንባር ስለሄደ ምጽዋ ያሉትን የባሕር ዳር ምሽጎች የሚጠብቅ ጠፋ ተባለና ከአካባቢያችን ገበሬ ማኅበራት አንድ የሚሊሺያ ሻምበል እንዲውጣጣ ታዘዘ። ግዳጁ አጭር ነው፤ አንዱ ሻምበል ከክረምት መግቢያ እስከ ጥምቀት ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌላው ይተካዋል። በስብሰባው ላይ ገበሬው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ ማን ሊያርስ ነው? በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ከየመቀናጆው አንዱ ይሂድ፣ የቀረው በሁለቱም በሬዎች የሁለቱንም ማሳ ይረስ፣ ሲመለስ ደግሞ ይቀያየሩ አሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደስ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩበት፤ የሚታረሰው መጀመሪያ የዘማች ማሳ ነው፣ የራስ ማሳ ከዚያ በኋላ።

የእኛ ጥንድ ተራ ሲደርስ አባዬም ጋሼ ቱፋም እኩል ብድግ አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔ እናቶች በተቀመጡበት በኩል ሆኜ ልቤ ሊወጣ ደረሰ፤ የዘማች ልጅ ልሆን ነው። በዚህ መሐል የዓለሚቱ እናት እትዬ ሹሜ ተነሡ። ማንም አልጠየቃቸውም።

"የወልዴ ሚስት አራስ ናት" አሉ ወደ አባዬ እያመለከቱ። "አራስ ተጥሎ አይኬድም። ቱፋ ይቅደም።"

ጋሼ ቱፋ ሚስታቸውን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አባዬ ተቀመጠ። ነገሩ በዚያ አለቀ። እናቴ ቤት ተኝታ ስለነበር የሰማችው ከሰው አፍ ነው፤ ስትሰማ አለቀሰች አሉ። እኔም አለቀስኩ፣ የእኔ ለቅሶ ግን ሌላ ነው። እቤት ገብቼ ከእናቴ ጎን በጨርቅ የተጠቀለለውን ወንድሜን አየሁት። ፊቱ ቀይ፣ ፀጉሩ የረጠበ፣ ምኑም የማይረባ ነገር። ለዚህ ተብሎ አባቴ ሳይዘምት መቅረቱ ጨርሶ አልገባኝም።

ሻምበሉ የተነሣ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ የጭነት መኪናዎች ተደርድረዋል። ጋሼ ቱፋ ካኪ ለብሰው ሌላ ሰው መስለዋል። ሱሪው ስለረዘመባቸው እግሩን ሁለት ጊዜ ጠቅልለውታል፤ ለእኔ ግን እንደዚያ ያማረ ሰው አይቼ አላውቅም። ጅራፋቸውን ለአባዬ ሰጡት። "ወይኖንም፣ ዓለሚቱንም አደራ" አሉት። አባዬ ጅራፉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ያን ጊዜ አደራ ማለት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሳልቆይ አወቅሁት።

ባሕር መጠበቅ ማለት ለእኔ ወፍ መጠበቅ ነው። ስንዴው ማፍራት ሲጀምር እኔና ዓለሚቱ ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ ይዘን ወፍ እንጠብቃለን። ስለዚህ ጋሼ ቱፋም ባሕሩ ዳር ከፍ ያለ ማማ ላይ ቁጭ ብለው ወንጭፍ ያወናጭፋሉ ብዬ አሰብኩ። የማይገባኝ ባሕር የሚበላው ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነ ነበር። አስተማሪያችን ምሽጉ በጥንት ጊዜ በድንጋይ የተሠራ ትልቅ ግንብ ነው ሲሉን ማማውን አፍርሼ ጋሼ ቱፋን የሳሊተ ምሕረት አጥር ላይ አስቀመጥኳቸው። እግራቸውን ወደ ውኃው አንጠልጥለው፣ ያ የተጠቀለለ ሱሪያቸው እንዳይረጥብ ከፍ አድርገው ይታዩኛል። እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ አባቴን የሚያቅተው አልነበረም።

ሰኔ ገባና እርሻው ተጀመረ። አባዬ በጠዋት ወይኖንና ቡሬን ጠምዶ ወደ እነሱ ማሳ ይሄዳል። የእኛ መሬት ያንን ሁሉ ዝናብ ጠጥቶ ሳይነካ ይጠብቃል። እናቴ አንዳንዴ ታጉረመርማለች፤ ደግሞ ሕፃኑን ታያለች። እትዬ ሹሜ ያንን ካደረጉላት በኋላ አፏን ሞልታ ማማረር አትችልም። እኔ ግን የሚይዘኝ አልነበረም። ምሳ የማመላለስ ሥራ የእኔ ስለሆነ ማሳው ድረስ ሄጄ አባቴ በሰው መሬት ላይ ላቡ ሲንጠፈጠፍ አያለሁ። ዓለሚቱ እንደ ባለርስት እመቤት ከዛፉ ሥር ተቀምጣ የሽምብራ ቆሎ ትቆረጥማለች። ወዲያው እንደምጠላት ወሰንኩ። አብረን መጫወት ግን አልተውንም፤ ሌላ የምጫወትበት ጎረቤት አልነበረኝማ።

አባዬ ማረሱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የእነሱ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ሄዶ ከደነው። ላማቸው ታመመች፣ አጠገቧ ዋለ። ዓለሚቱ እግሯን እሾህ ወጋት፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመርፌ እያወጣ "ጉድ ነው፣ ይህማ ግንድ ነው" እያለ አሳቃት። ያ ቀልድ የእኔ ነው። እኔን እሾህ በወጋኝ ቁጥር የሚለኝ እሱን ነበር። ለሌላ ሰው የሚነገር አልመሰለኝም።

ከሁሉ የባሰው ወንዙ ነው። በሰኔና በመስከረም ወንዙ ይሞላል፤ ትምህርት ቤት ለመሄድ አባዬ ያሻግረናል። ድሮ የሚሸከመው እኔን ነበር። አሁን ዓለሚቱን ትከሻው ላይ አወጣት፣ እኔ ደግሞ የጋቢውን ጫፍ ጨብጬ በእግሬ ከኋላ እከተላለሁ። ውኃው ጉልበቴን ይመታል። ቀና ስል የማየው የእሷን ተረከዝ ነው። "አንቺ ጎበዝ ነሽ አስካለ" ይለኛል አባዬ ወደኋላ ሳይዞር። ጎበዝነቴን እንደዚያ ጊዜ ጠልቼው አላውቅም። አንድ ቀን ሆን ብዬ ወድቄ ደብተሬን አረጠብኩ። አባዬ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ዳር አወጣኝና ደብተሬን አራገፈልኝ፤ ዓለሚቱን ግን ከትከሻው አላወረዳትም።

ትምህርት ቤትም ሌላ ጣጣ መጣ። የዘማች ልጆች ፊት ይቀመጣሉ ተባለ። ዓለሚቱ እኔ አጠገብ ከነበረችበት ተነሥታ የመጀመሪያው ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ባንዲራ የምትሰቅለውም እሷ ሆነች። ገመዱን መሳብ አትችልበትም፤ ባንዲራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ መዝሙሩ ያልቃል፣ እሷ ገና እየታገለች ነው። እኔ ብሆን ከመዝሙሩ እኩል አደርሰው ነበር። እቤት ባለው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የወንድሜን መጠቅለያ ጨርቅ አስሬ ስለማመድ እናቴ አይታኝ ምን ሆነሻል አለችኝ።

አንድ ቀን ከምጽዋ የመጣ የመኪና ሹፌር ጋሼ ቱፋ የላኩትን አንድ ከረጢት ጨው ለእትዬ ሹሜ አደረሰ። ደረቅ፣ ሻካራ፣ ግራጫ ጨው ነው። እትዬ ሹሜ ለጎረቤቱ ሁሉ በጭልፋ አካፈሉ፤ ለእኛም ደረሰን። ዓለሚቱ ደግሞ እፍኝ ሙሉ ቋጥራ ትምህርት ቤት ይዛ መጣች። በዕረፍት ሰዓት ክፍሉ በሙሉ ከበባት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ፍሬ እየሰጠች "ባሕር ነው፣ ቅመሱት" ትላለች። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀምሳሉ። አንዱማ ዓሣ ዓሣ ይላል አለ፤ ዓሣ በልቶ የማያውቅ ልጅ።

ለእኔ ሦስት ፍሬ ሰጠችኝ። ከሁሉም ያበዛችው ለእኔ መሆኑን ሁሉም አየ። ቀመስኩትና "ከኅብረት ሱቅ ከምንገዛው ምን ይለያል?" አልኩ። ጨው ነው። እውነቴን ነው፣ ዛሬም ቢሆን ጨው ነው። ያን ቀን ግን ማንም ከእኔ ጋር አልተጫወተም። አፌ ውስጥ የቀረውን እየመጠጥኩ ከክፍሉ ግድግዳ ሥር ቆሜ ዋልኩ።

ኅብረት ሱቅ ካነሣሁ አይቀር ስለ ስኳሩ ልናገር። ስኳር መጣ ሲባል ሰልፉ ከሱቁ እስከ መንገዱ ይደርሳል። የዘማች ቤተሰብ ግን ሰልፍ የለበትም፤ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ነው። አንድ ቅዳሜ እናቴ ልካኝ ከሰልፉ ጅራት ቆሜ ፀሐይ ሲያቃጥለኝ ዓለሚቱ ላስቲኳን እያወዛወዘች መጣች። አየችኝና እጄን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችኝ። ሰልፈኛው አጉረመረመ። ባለሱቁ "ይህችስ?" ሲላት፣ ዓይኗን ሳታሽ "እህቴ ናት" አለች።

እዚያ ላይ ዝም ብል ስኳሬን ይዤ እገባ ነበር። "እህቷ አይደለሁም" አልኩ። "እኔ የወልዴ ልጅ ነኝ።" ባለሱቁ ሳቀ፣ ሰልፈኛው ደስ አለው፣ ወደ ሰልፉ ጅራት መለሱኝ። እኔ ጋ ሳይደርስ ስኳሩ አለቀ። እናቴ ስትቆጣኝ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ማታ እትዬ ሹሜ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል በብርጭቆ ስኳር ላኩልን። ያንን ስኳር ሻዬ ውስጥ አልጨምርም ብዬ መራራ ሻይ ጠጣሁ፤ ለሁለት ቀን ያህል ነው፣ ከዚያ ጨመርኩበት።

ቅናቴ አፌ ላይ የደረሰው በሽምብራ ዘር ጊዜ ነው። ምሳ ይዤ ሄድኩ፤ የእነሱ ሽምብራ ተዘርቶ አልቆ አባዬ በመጨረሻ ወደ እኛ ማሳ ወርዷል። ዓለሚቱ ስላልነበረች ደፈርኩ። ወጡን አስቀመጥኩለትና ለምን አንተም አትዘምትም አልኩት።

አባዬ ጉርሻውን ከአፉ መለሰ። "እዘምታለሁ እንጂ። ቱፋ ሲመለስ ተራው የእኔ ነው።"

"እና የእኛ ማሳ መጀመሪያ ይታረሳል?"

"ይታረሳል።"

"ወንዙንስ ማን ያሻግረኛል?"

"ቱፋ ነዋ" አለኝ። "እኔ ዓለሚቱን እንደማሻግራት።"

እንግዲያው ጋሼ ቱፋ እኔን ትከሻቸው ላይ ያወጣሉ፣ ዓለሚቱ ጋቢ ጨብጣ በውኃ ውስጥ ትከተላለች። እሾኼን ያወጣሉ። ባንዲራውን እሰቅላለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥምቀትን እንደ እኔ የጠበቀ ልጅ በአገሩ አልነበረም። አባዬ በዚያ ምሳ ላይ ሌላ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ነበር፤ አፉን ከፈተና ፊቴ ላይ ያለውን ደስታ ሲያይ ተወው። ጎርሶ፣ ለእኔም አጉርሶኝ ወደ በሬዎቹ ተነሣ።

ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ሻምበሉ ተመለሰ። ሜዳው ላይ ሁላችንም ወጥተን እየጠበቅን ከመኪናው የወረዱትን ሰዎች ማን ማን እንደሆኑ መለየት አቃተን። ጋሼ ቱፋ ከስተዋል፣ ጠቁረዋል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ካኪው ሱሪ የለም፤ የቆላ ሰው የሚያገለድመው ሽርጥ አገልድመው ከላይ የወታደር ኮት ደርበዋል። ልጆች ቀሚስ ለብሰዋል እያሉ ሳቁ። የቀናሁበት ባሕር ጠባቂ ይህ መሆኑን ለማመን ተቸገርኩ።

ጋሼ ቱፋ ቁና ቁና እየተነፈሱ መጡና ለዓለሚቱ እጃቸውን ዘረጉ። ዓለሚቱ አባዬ ኋላ ተደበቀች። የጋቢውን ጫፍ ይዛ፣ ፊቷን ወገቡ ላይ ቀብራ፣ አልወጣም አለች። "አባትሽ እኮ ነው" ይላታል አባዬ። እጇን ለማላቀቅ ይሞክራል፣ እሷ ታጠብቃለች። እትዬ ሹሜም ይለምኗታል። እሷ እቴ።

ጋሼ ቱፋ የዘረጉትን እጅ ምን እንደሚያደርጉበት ጠፋቸው። መጀመሪያ ዓለሚቱን አዩ፣ ቀጥሎ የተጨበጠውን ጋቢ፣ ቀጥሎ አባዬን። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ የእኔ ነበር። ትልቅ ሰው፣ ጠመንጃ የያዘ፣ ምሽግ የጠበቀ ሰው በአባቴ ቀንቶ ሊያለቅስ ደርሷል። ትልልቅ ሰዎችም እንደዚህ እንደሚሆኑ ያኔ ነው ያወቅሁት።

አባዬም አየ። ደነገጠ። "አንተን ስትጠይቅ ነው የከረመችው" አለ፤ ውሸቱን ነው፣ ዓለሚቱ ካንድ ሁለት ጊዜ በላይ አልጠየቀችም።

"ግዴለም" አሉ ጋሼ ቱፋ። "በሬዬስ ያውቀኝ ይሆን?" ብለው ወደ ወይኖ ሄዱ። ወይኖ አሸተታቸው፣ ከዚያ ክንዳቸውን ይልስ ጀመር። አልለቅም አለ። ጨዋማ ሆነው ነው የመጡት መሰለኝ። ክንዳቸውን ሰጥተውት፣ ግንባራቸውን ቀንዱ ላይ አስደግፈው ብዙ ቆዩ፤ ሰዉም ሆን ብሎ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። እኔ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። እጃቸውን አናቴ ላይ ጣሉ፤ ሻካራ ነበር፣ ይሞቅ ነበር። ዓለሚቱ ትቅና እንደሆነ ብዬ ዞሬ አየኋት። አልቀናችም። አባቴን እንደያዘች ነው።

የሁለተኛው ሻምበል መነሻ ወዲያው ደረሰ። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ጋሼ ቱፋና አባዬ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ሲነጋገሩ ይውሉ ነበር። እኛ ስንጠጋ ጨዋታ ይለውጣሉ። አንዴ ብቻ ጋሼ ቱፋ "ውኃው ሙቅ ነው፣ አይጠጣም። ባንተ ቦታ እኔ ልመለስ፣ አገሩን ለምጄዋለሁ" ሲሉ ሰማሁ። አባዬ ተራ ተራ ነው አላቸው። እትዬ ሹሜ ሁለቴ የዘማች ሚስት ሆነው ሴቶቹን እንዲያስቀኑ አልፈቅድም ብሎም ቀለደ። እኔ ተራችንን ሊወስዱብን ነው ብዬ ጋሼ ቱፋን ተቀየምኳቸው።

የመነሻው ዕለት አባዬ ካኪው ልኩ ነበር። ደስ አለኝ፤ የእኛ ሱሪ አልተጠቀለለም። ጅራፉን ለጋሼ ቱፋ መለሰና የእኔንና የወንድሜን ስም ጠርቶ አደራ አላቸው። ከዚያ መሳም ጀመረ። እናቴን ሳመ፣ ወንድሜን ሳመ፣ እትዬ ሹሜንና ጋሼ ቱፋን አቀፈ። እኔና ዓለሚቱ ጎን ለጎን ቆመናል። እኔ የዘማች ልጅ አታለቅስም ብዬ ቀጥ ብያለሁ። ዓለሚቱ እሪ አለች። መሬት ላይ ወደቀች። አባዬ ጎንበስ ብሎ አነሣትና መጀመሪያ እሷን ሳመ። ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እንደገና ጉንጯን። እሷ አንገቱን አልለቅም ብላ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረና ሳመኝ። ፊቱ በእሷ እንባ ርሶ ነበር። ጉንጬን በእጅጌዬ ጠረግሁት። መኪናው ተነሣ፤ ሌላው ሁሉ እጁን ሲያውለበልብ እኔ ከእኔ በፊት እሷን ሳማት እያልኩ ቆሜያለሁ።

የጠበቅሁት ሁሉ ሆነልኝ። ፊት ተቀመጥኩ። ባንዲራውን ከመዝሙሩ እኩል አደረስኩት፤ አስተማሪያችን አመሰገኑኝ። ስኳር በመስኮቱ በኩል ወሰድኩ። ሰኔ ሲገባ ጋሼ ቱፋ ቡሬንና ወይኖን ጠምደው በጠዋት ወደ እኛ ማሳ ወረዱ፣ ወንዙም ሲሞላ እኔን ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ዓለሚቱ በውኃው ውስጥ ከኋላ መጣች። ደጋግሜ ዞር እያልኩ ፊቷን አየሁት፤ ውኃው እየመታት ትስቃለች፣ ድንጋይ ላይ ትዘላለች፣ "አባቴ ትከሻ ላይ ማናት የወጣችው?" አትልም። ካልቀናችብኝ ምኑን የዘማች ልጅ ሆንኩት?

ሻምበሉ የሚመለስበት ጊዜ ደረሰ፣ አለፈ። ምጽዋ ዙሪያ ውጊያ ተጀምሯል የሚል ወሬ ትልልቆቹ ዘንድ ነበር፤ እኛ ስንገባ ሬዲዮ ይዘጋሉ። አንድ ማለዳ ገና ከመኝታችን ሳንነሣ ግቢያችን በሰው ተሞላ። ከፊት የቆሙት ጋሼ ቱፋ ነበሩ። ባዶ እግራቸውን ነው የመጡት። እናቴ አየቻቸውና ወዲያው ገባት።

ድንኳን ተተከለ። ከየመንደሩ ሰው መጣ። እኔ የሚደረገውን ስለማላውቅ አንድ ጥግ ተቀምጬ የሰው እግር አያለሁ። ዓለሚቱ ግን ታለቅሳለች፤ ድምጿ ከአልቃሾቹ በላይ ይሰማል። ከሩቅ የመጡ አንዲት የአባዬ ዘመድ ገቡና ልጁ የታለች ብለው በዓይናቸው ፈለጉ። ዓለሚቱን ሲያዩ ሄደው እቅፍ አደረጓት፣ የወልዴዬ ልጅ እያሉ ፀጉሯን እየደባበሱ አለቀሱላት። ማንም አላረማቸውም። ተነሥቼ "እኔ ነኝ፣ ልጁ እኔ ነኝ" ልል ፈልጌ ተውኩት። ወጥቼ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። አባቴ ሞቶ እንኳ ለእሷ ተሰጠ።

ከጥቂት ቆይታ በኋላ ዓለሚቱ መጣች። ዓይኗ አብጦ ሊከደን ደርሷል። አጠገቤ ቁጭ አለች። ወደ ሌላ ዞርኩ። ጭድ ስትሰባብር ቆየችና፣ "አንቺን እኮ በኋላ ነው የሳመሽ" አለችኝ።

"ምን?"

"እኔን ቀድሞ ሳመኝ። ከዚያ አንቺን ሳመሽ። ከዚያ ማንንም ሳይስም መኪናው ላይ ወጣ። አይቼዋለሁ።"

ድምጿ ሲሻክር ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጉንጬን፣ ያንን በእጅጌዬ የጠረግሁትን ጉንጬን ትኩር ብላ ታየዋለች። ዓመት ሙሉ ፊቷ ላይ የፈለግሁት ነገር ይኸው መጣ። ቀንታለች። እንደ እኔ፣ እንደ አባቷ፣ ልታለቅስ እስኪደርሳት ቀንታለች። እኔ ደግሞ የማደርገው ጠፋኝ። ላካፍላት ብል የሚካፈል ነገር አይደለም፤ ቢካፈልም አልሰጣትም ነበር።

"አዎ" አልኳት። "የመጨረሻው የእኔ ነው።"

ዓለሚቱ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።